ስማቸው ያልተጠራ ደጋፊዎች፦ «ዳንሳችንን ያኖረው የውጭ እጅ ነው» ለሚለው አስተያየት የተሰጠ ምላሽ

ስለ መድረክ ዳንስና ውዝዋዜ በሚደረጉ ውይይቶች እየተደጋገመ የሚመጣ አንድ አስተያየት አለ። ኢትዮጵያዊ ጭፈራ ይወዳል ይባላል፤ በሠርጉ፣ በጥምቀቱ፣ በዘመን መለወጫው ትከሻውን ይሰብቃል፤ የዳንስ ቡድንን ግን እንደ ተቋም የመደገፍ ልማድ የለውም። ቡድኖቻችን የኖሩት በኤምባሲዎች፣ በውጭ የባህል ማዕከላትና በእርዳታ ድርጅቶች ቸርነት ነው፤ ስለዚህ ምስጋናው የሚገባው ለእነሱ ነው። ሰፈሩ ተመልካች ነው፤ ሲጠሩት መጥቶ ያጨበጭባል፣ ሲያበቃ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ይህ ጽሑፍ ለዚህ አስተያየት የተሰጠ ምላሽ ነው። የምከራከርለት ሐሳብ አንድ ነው፦ የአካባቢ ሰው ለዳንስ የሚሰጠው ድጋፍ ነበረ፣ ዛሬም አለ፤ የሌለው መዝገቡ ነው። ድጋፉ ሳይጻፍ የቀረበት ዋናው ቦታ ደግሞ ቡድኖቹ ራሳቸው የሚያዘጋጁት የምስጋና ገጽ ነው።

ጉዳዩን የወግና የይሉኝታ ብቻ አድርጎ ማየት አይገባም። ዛሬ የዳንስ ቡድን ለማቋቋም የሚነሳ ወጣት ከሁሉ በፊት ፕሮፖዛል መጻፍ እንዳለበት ያምናል፤ የጎረቤቱን ደጅ ሳይጠና የኤምባሲ ደጅ ይጠናል። ገንዘቡ ሲገኝ ቡድኑ ይቆማል፤ የፕሮጀክቱ ዘመን ሲያበቃ ይበተናል። ሲበተንም «ሕዝባችን አይደግፍም» የሚለው አባባል አንድ ተጨማሪ ምስክር ያገኛል። አባባሉ የሚፈራውን ነገር ራሱ እየወለደ ይኖራል።

የአስተያየቱ ጠንካራ ጎን

ለተቃራኒ ሐሳብ ተገቢውን ክብር መስጠት ያስፈልጋል። በ1996 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ኮሪዮግራፈር ሮይስተን ማልዱም አዲስ አበባ መጥቶ፣ ጎዳና ላይ ከሚውሉ ወደ መቶ ከሚጠጉ ልጆች ጋር የካርል ኦርፍን «ካርሚና ቡራና» ለመድረክ አበቃ። አዱኛ የማኅበረሰብ ዳንስ ቲያትር የተወለደው ከዚያ ሥራ ነው። ለቡድኑ ጥላ የሆነው ዶ/ር ካርሜላ አባተ የመሠረቱት፣ መንታ የወለዱ ድሃ ቤተሰቦችን የሚረዳው ጀሚኒ ትረስት ነበር። ከአዱኛ ልጆች አንዱ ጁነይድ ጀማል ሰንዲ በ2004 እ.ኤ.አ. በሮሌክስ መርሐ ግብር ከጃፓናዊው ኮሪዮግራፈር ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ጋር እንዲሠራ ተመረጠ። እሱና ጓደኛው አዲሱ ደምሴ በ2009 እ.ኤ.አ. በዴስቲኖ ስም ለንደን ሳድለርስ ዌልስ መድረክ ላይ ቆሙ።

እነዚህ ትልልቅ እርምጃዎች ናቸው፤ የውጭ አስተማሪ፣ የውጭ ገንዘብና የውጭ መድረክ ባይኖር አይታሰቡም ነበር። ይህን መካድ ውለታ ቢስነት ነው። ጀርመናውያኑም ሆኑ ፈረንሳውያኑ በአዲስ አበባ ባሏቸው የባህል ማዕከላት ለዘመናዊ ዳንስ አዳራሽ ሲከፍቱ ኖረዋል፤ ምስጋናቸው ሊጓደል አይገባም።

ይሁን እንጂ ይህ ማስረጃ የሚያረጋግጠው ምኑን እንደሆነ እንለይ። የአስተማሪውን አበልና የአውሮፕላኑን ትኬት ማን እንደከፈለ ያረጋግጣል። ልጁ ከልምምድ ሲመለስ ማን እንዳበላው፣ ለቤቱ ገቢ ሊያመጣበት ይችል የነበረውን ሰዓት ለዳንስ እንዲሰጥ ማን እንደፈቀደለት፣ «ጭፈራ ምን ሊሆንህ ነው» የሚለውን የዘመድ ወቀሳ ማን እንደመከተለት ግን አይናገርም። የድሃ ቤተሰብ ልጅ ለልምምድ የሚያውለው ከሰዓት በኋላ ዋጋ አለው። ከፋዩ ቤተሰቡ ነው፤ ደረሰኝ ግን አይቆረጥለትም።

ምስጋናው የሚጻፍበት መንገድ

የአንድ ቡድን ዓመታዊ ዝግጅት ሲያበቃ የሚሆነውን እናስተውል። ከመድረኩ ጀርባ ባነር ተሰቅሏል፤ ግርጌው ላይ የስፖንሰሮች ሎጎ ተደርድሯል። መድረክ መሪው ድርጅቶቹን አንድ በአንድ ይጠራል፤ የክብር እንግዳው ሰርተፊኬት ያስረክባል፤ ፎቶ ይነሳሉ። ከዚያ መድረክ መሪው ሰዓቱን አይቶ «ጊዜ ስለማይበቃን ስማችሁን ያልጠራናችሁ ሁሉ ከልብ እናመሰግናለን» ይላል። ጭብጨባ ይሆናል፤ መብራቱ ይበራል።

ማኅበረሰቡ ያለው በዚያች የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። አዳራሹን ያለ ኪራይ የሰጠው ኮሚቴ፣ ልብሱን በክር ዋጋ የሰፋው ልብስ ሰፊ፣ ልጆቹን በሚኒባሱ ያደረሰው ሾፌር፣ ልጆቿን ሦስት ዓመት ሙሉ ለልምምድ የለቀቀችው እናት ሁሉም በአንድ ትንፋሽ ታልፈዋል። ከዓመታት በኋላ ስለዚያ ቡድን የሚያጠና ሰው የሚያገኘው ብሮሹሩን፣ የባነሩን ፎቶግራፍና ለለጋሹ የተላከውን ሪፖርት ነው። ሦስቱም ለለጋሹ ተብለው የተዘጋጁ ናቸው። አጥኚው ሦስቱን አይቶ «የአካባቢ ድጋፍ አልተገኘም» ብሎ ቢደመድም አይገርምም፤ ምንጩ የተጻፈው ያን እንዲያሳየው ሆኖ ነው።

እዚህ ላይ የቡድኖቹ ክፋት የለበትም። ለጋሹ ድርጅት ስሙና ሎጎው በባነርና በብሮሹር ላይ እንዲታይ በውል ያስፈርማል፤ ጎረቤት ውል የለውም። ምስጋና ውልን ተከትሎ ሲሄድ፣ ውል ያልያዘ ሰው በተፈጥሮው ይቀራል። ሕጉም ለዓመታት በተመዘገበ ገንዘብ ብቻ ሲለካን ቆይቷል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621፣ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝን ድርጅት «የኢትዮጵያ» ከሚባለው መደብ አስወጥቶ ነበር። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተክቷል። የድርጅት ማንነት በገቢው ምንጭ ይለካል የሚለው አስተሳሰብ ግን አብሮ አልተሻረም፤ አዳራሽ፣ ጉልበትና ጊዜ አሁንም ከቁጥሩ ውጭ ናቸው።

ለቡ መብራት ኃይል ውስጥ ዳንስ ምን ያስፈልገዋል?

ክርክሩን ወደ መሬት ለማውረድ የምኖርበትን ሰፈር ልውሰድ። ለቡ መብራት ኃይል በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከጀርመን አደባባይ አልፎ የሚገኝ ሰፈር ነው። ኮንዶሚኒየሙ፣ አፓርታማውና ግቢ ቤቱ ተቀላቅሎ የበቀለበት፣ ነዋሪው ከየአቅጣጫው የመጣበት አዲስ የከተማ ጫፍ ነው። ሀገር ፍቅር ቲያትር ፒያሳ ነው፤ ብሔራዊ ቲያትር ከለገሃር በላይ ነው፤ የማዘጋጃ ቤቱም አዳራሽ እዚያው መሀል ከተማ ነው። በዚህ በኩል ለዳንስ ተብሎ የተሠራ መድረክ የለም። እንግዲህ ልጆች እዚህ ውዝዋዜ ወይም ዘመናዊ ዳንስ የሚማሩ ከሆነ የሚማሩት ሰፈሩ በሚሰጣቸው ነገር ነው።

መጀመሪያ ወለል ያስፈልጋል። የዳንስ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ወለሉን ነው። የባሌት ትምህርት ቤቶች ከሥሩ ክፍተት ያለው፣ እግር ሲያርፍበት ትንሽ የሚሰጥ የእንጨት ወለል ያነጥፋሉ። የእኛ ልጆች የሚዘሉት ሊሾ ላይ ነው። ሊሾ አይሰጥም፤ የዝላዩ ኃይል ሁሉ ወደ ቁርጭምጭሚትና ወደ ጉልበት ይመለሳል። ስለዚህ አንዱ ቤት አሮጌ ምንጣፍ ያመጣል፣ ሌላው ከሱቁ የተረፈ ካርቶን ያነጥፋል፣ ሌላው ለዕቃ መጠቅለያ የመጣ ስፖንጅ ይሰጣል። ሦስቱ ተደራርበው የአንድ ልጅ ጉልበት ያድናሉ። በየትኛውም ብሮሹር ላይ ግን «ምንጣፍ የሰጡን» የሚል መስመር አንብቤ አላውቅም።

ቀጥሎ ጣሪያ ያስፈልጋል። በኮንዶሚኒየም ግቢ ጣሪያው ኮሚናሉ ነው፤ ነዋሪው ለሠርግ የሚደግስበት፣ ለለቅሶ የሚቀመጥበት፣ በበዓል በሬ የሚያርድበት የጋራ ቤት። ኮሚቴው ኮሚናሉን ለቅዳሜና እሑድ ጠዋት ለልጆቹ ሲለቅ፣ ሊያከራየው ይችል የነበረውን ሰዓት በስጦታ እየሰጠ ነው። ለቅሶ ሲደርስ ልጆቹ ከበሯቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ሐዘኑ ሲነሳ ይመለሳሉ። ቁልፉን የያዘው የግቢው ጥበቃ ከፈረቃው ውጭ መጥቶ ይከፍትላቸዋል። የምድር ቤት ነዋሪዋ ለስፒከሩ የሚሆን መብራት ከቤቷ በኤክስቴንሽን ታወጣለች፤ ቆጣሪው የሚቆጥረው በስሟ ነው።

ከሁሉ የሚረሳው ስጦታ ግን ትዕግሥት ነው። ከበሮ ግድግዳ ያልፋል። ሌሊቱን ሲሠራ ያደረ ሰው፣ የታመመች እናት፣ ለፈተና የሚያጠና ተማሪ በየሳምንቱ ያንን ድምፅ ችሎ ይኖራል። ቅሬታ ለኮሚቴው ቢያቀርብ ልምምዱ በማግስቱ ይቆማል፤ ሰፈራችን ውስጥ ማንም ሰው ቡድኑን በአንድ ደብዳቤ ሊያስቆም ይችላል። አለማስቆሙ ድጋፍ ነው።

ይህን ሁሉ በገበያ ዋጋ ተምኖ ከአንድ ትንሽ የውጭ ድጎማ ጎን ማስቀመጥ ይቻላል። የአዳራሽ ኪራዩን፣ የልብስ ስፌቱን፣ የትራንስፖርቱን፣ የጥበቃውን ትርፍ ሰዓት አንድ በአንድ የደመረ ቡድን፣ ትልቁ ደጋፊው ማን እንደሆነ በራሱ መዝገብ ላይ ያነበዋል።

ታሪኩ የሚመሰክረው

የአካባቢ ሰው የአካል እንቅስቃሴ ጥበብን ለረጅም ዘመን መደገፍ አይችልም የሚል ሁሉ የአቋቋምን ትምህርት ቤት ታሪክ መመልከት አለበት። አቋቋም አምልኮ እንጂ የመድረክ ዳንስ አይደለም፤ ሁለቱን አላምታታም። እዚህ የምናገረው ስለ ትምህርቱ ወጪ ነው። ደቀ መዝሙሩ በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ የሚሄደውን ሥርዓት ለመማር ዓመታት ይፈጅበታል፤ ማስመስከሪያው ጎንደር በዓታ ነው። በእነዚያ ዓመታት የሚያበላው ማነው? «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል በር የሚከፍትለት ባለ ቤት ነው። አኩፋዳው ውስጥ የሚገባው ቁራሽ እንጀራ ከአሥር ቤት፣ ከሃያ ቤት የተሰበሰበ ነው። ምንም ፕሮፖዛል ሳይጻፍ፣ ለዘመናት ሳይቋረጥ፣ እጅግ የረቀቀ የዜማና የእንቅስቃሴ ትምህርት በመንደር እንጀራ ቆሟል። ከዚህ የሚበልጥ የማኅበረሰብ ድጋፍ ምሳሌ በየትኛውም አገር ማግኘት ከባድ ነው።

ወደ ዓለማዊው ስንመጣ ካዛንቺስ የነበረውን ፈንዲቃ የተባለ አዝማሪ ቤት እናገኛለን። መላኩ በላይ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ተወዛዋዥ ነው፤ የፈረንሳይ መንግሥት የኪነ ጥበብና ሥነ ጽሑፍ ኒሻን ሸልሞታል፤ ኢትዮከለር የተባለው ቡድኑ በብዙ አገሮች መድረክ ቀርቧል። ስለ እሱ ሲጻፍ ጎልቶ የሚወጣው ይህ ነው። ከዚህ በፊት ግን መላኩ በዚያው አዝማሪ ቤት ያለ ደመወዝ፣ ከደንበኛ በሚያገኘው ሽልማት እየጨፈረ፣ ከባንኮኒው ሥር እያደረ ኖሯል። በእነዚያ ዓመታት የቀለቡት ማታ ማታ የሚመጡ የከተማው ሰዎች ናቸው፤ ግንባሩ ላይ አንድ ብር፣ አምስት ብር የለጠፉ። ኒሻኑ የመጣው ብሩ ያኖረውን ተወዛዋዥ ፍለጋ ነው። የመጀመሪያውን ለጋሽ ትተን የመጨረሻውን ብቻ ካመሰገንን ታሪኩን ከመሀሉ ጀመርን ማለት ነው።

ተቋም የመሥራቱስ ነገር? ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. በእነ መኮንን ሀብተ ወልድ ሲመሠረት ማኅበር ነበር። ጣሊያን ድንበሩ ላይ ሲያደባ፣ አዝማሪውና ተወዛዋዡ ሕዝቡን ለመቀስቀስ በአደባባይ ይቆም ነበር። የዛሬው ቲያትር ቤት የበቀለው ከዚያ ማኅበር ነው። በደርግ ዘመን በየቀበሌው የነበረው የኪነት ቡድንም መታሰብ አለበት። ኪነቱ የካድሬ መሣሪያ ነበር፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን ከዚያ የወጡ ድምፃውያንና ተወዛዋዦች ያደጉት በቀበሌ አዳራሽ፣ በሰፈር ሰው ፊት ነው። መመሪያው ከላይ ቢመጣም ልጁን የላከውና ሊያየው የወጣው ሰፈሩ ነበር።

ፊታችንን ወደ ውጭ ያዞረው ምስጋና

በዳንስና በሙዚቃ ለጋሽን በማመስገን ረገድ በታሪካችን ትልቁ ሥራ «ሕዝብ ለሕዝብ» ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ረሀብ ወሎንና ትግራይን፣ ሌላውንም የአገሪቱን ክፍል ሲመታ ዓለም ገንዘብና እህል ላከ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 6 ቀን ለንደንና ፊላዴልፊያ ላይ የተካሄደው ላይቭ ኤድ የሙዚቃ ዝግጅት የሚታወቅ ነው። ኢትዮጵያ ለዚህ የመለሰችው በመድረክ ነበር። በ1980 ዓ.ም. ገደማ ድምፃውያን፣ ሙዚቀኞችና ተወዛዋዦች ተሰባስበው ለእርዳታው ምስጋና ለማቅረብ ወደ ውጭ ተጓዙ። ሙላቱ አስታጥቄ ከሙዚቃው ባለሙያዎች አንዱ ነበር፤ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን የመራው ተስፋዬ ለማም አብሮ ተጉዞ አሜሪካ ቀርቶ፣ የኢትዮጵያን ኪነ ጥበብ የሚያስተዋውቅ ማዕከል አቋቋመ።

ሐሳቡ የሚያኮራ ነበር። የተራበ ሕዝብ ከንፈር እንዲመጠጥለት ሳይጠብቅ፣ ያለውን ውብ ነገር ይዞ አመሰግናለሁ አለ። ውለታን በጥበብ መመለስ ከዚህ የተሻለ መልክ ሊኖረው አይችልም። በዚያ ታላቅ ምስጋና ውስጥ ግን አንድ ወገን አልተጠራም። በዚያው ረሀብ ከደመወዙ ያዋጣው ሠራተኛ፣ የተፈናቀለ ዘመዱን አስገብቶ ያለችውን የተካፈለው ባላገር፣ በየመንገዱ ለወደቀው ውሃ ያቀበለችው እናት የሚመሰገኑበት ጉዞ አልተዘጋጀም። ለውጭ ለጋሽ የመድረክ ጉዞ፣ ለአገር ቤት ለጋሽ ዝምታ ሆነ። ዛሬ የዳንስ ቡድኖቻችን ባነር የሚከተለው ይህንኑ ልማድ ይመስለኛል።

የማን ስም ይጻፍ የሚለው ጥያቄ የምን ዓይነት ዳንስ ይኑር ወደሚለው ጥያቄ ይወስዳል። በ1963 እ.ኤ.አ. ፎርድ ፋውንዴሽን በአሜሪካ ለባሌት ከ7.7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰጠ። አብዛኛው ኮሪዮግራፈሩ ባላንሺን ወደሚመራው የኒው ዮርክ ሲቲ ባሌትና ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ። የዘመናዊ ዳንስ ሰዎች አጥብቀው ተቃወሙ፤ አንድ ትልቅ ለጋሽ ዳንስ ማለት ይህ ነው ብሎ እንደወሰነባቸው ተሰምቷቸው ነበር። የእኛም ሁኔታ ከዚህ አይርቅም። ምስጋና ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ሲሄድ ቡድኑም ተመስጋኙ ደስ የሚለውን መሥራት ይለምዳል፤ የሰፈሩ ተመልካች ቀስ በቀስ እንግዳ ይሆናል።

ሦስት ተቃውሞዎች

ለዚህ ክርክር ሦስት ተቃውሞዎች ሊቀርቡ ይችላሉ፤ ሦስቱም መልስ ይገባቸዋል።

የመጀመሪያው ሃይማኖታዊ ነው። መልካም የሚያደርግ ሰው ይሰወር፣ ስሙን አውጥቶ መጥራት ዋጋውን ያሳጣዋል ይባላል። ትምህርቱን አከብራለሁ፤ የተሰጠው ግን ለሰጪው ነው። ተቀባይ እንዲረሳ አልተፈቀደለትም። ይህንኑ ትምህርት የምታስተምረው ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ያስጻፈን፣ ሥዕል ያሣለን ሰው ስም ታስጽፋለች። በጣና ሐይቅ ደቅ ደሴት ላይ ባለችው ናርጋ ሥላሴ፣ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችንና ከልጇ ሥዕል ግርጌ በግንባሯ ተደፍታ ተሥላለች። ቤተ ክርስቲያኗን ያሠራች ንግሥት ናት፤ የተሣለችው ግን ተደፍታ፣ ምሕረት ስትለምን ነው። ስሟም ምስሏም አለ፤ ትምክህት የለበትም። በብዙ የብራና መጻሕፍት መጨረሻም ያስጻፈው ሰው በስሙ ተጠቅሶ፣ አንባቢው እንዲጸልይለት ይጠየቃል። የስም መጻፍና የትሕትና መጠበቅ በእኛ ባህል ተጣልተው አያውቁም።

መሰወር የሚፈልግ ሰው ፈቃዱ ሊጠበቅለት ይገባል። ባሌ ሩስ የተባለው የዲያጊሌቭ የባሌት ቡድን በ1920 እ.ኤ.አ. «የጸደይ ሥርዓት» የተባለውን ሥራ እንደገና ለመድረክ ሲያበቃ የፋሽን ባለሙያዋ ኮኮ ሻኔል ገንዘብ እንደሰጠችና ለማንም እንዳይናገር እንዳሳሰበችው ይተረካል። እንዲህ ያለውን ሰጪ «ስማቸው እንዳይጠቀስ የፈለጉ አንድ ደጋፊ» ብሎ፣ የሰጠውን ነገር ለይቶ መመዝገብ ይቻላል። ስም መሸሸግ ስጦታውን መሸሸግ አይጠይቅም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ማኅበራዊ ነው። ሰፈር ውስጥ የአንዱን ስም ጠርቶ የሌላውን መተው ቅሬታ ይወልዳል፤ ሁሉን በጅምላ ማመስገን ይሻላል ይባላል። እድር ግን ማን እንዳዋጣ፣ ማን ድንኳን እንደተከለ፣ ማን እንደቀረ በመዝገብ ይይዛል፤ ሰፈሩም አልፈረሰም። ቅሬታ የሚመጣው የምስጋናው መስፈርት ሳይታወቅ ሲቀርና ስሙ በትውውቅ ሲጻፍ ነው። የተሰጠው ነገር በተሰጠበት ቀን ከተመዘገበ የሚያጨቃጭቅ ነገር ይቀንሳል።

ሦስተኛው የአጥኚዎች ነው። ምንጣፍ፣ ትዕግሥትና የእናት ፈቃድ አይለኩም፤ የማይለካ ነገር ማስረጃ አይሆንም ይላሉ። ፈረንሳዊው ማርሴል ሞስ በ1925 እ.ኤ.አ. ስለ ስጦታ የጻፈው ታዋቂ ጥናት ለዚህ መልስ ይሆናል። ስጦታ ሰጪና ተቀባይን በመመለስ ግዴታ እንደሚያስር፣ ማኅበረሰብም በዚያ ማሰሪያ እንደሚቆም አሳይቷል። መመዝገብ ያለበት ያ ማሰሪያ ነው፦ ማን ለማን፣ ምን፣ መቼ ሰጠ፤ ምን ተመለሰለት። ይህ በብር ባይተመንም በዝርዝር ይጻፋል፤ በዝርዝር የተጻፈ ነገር ደግሞ ለታሪክ ሰው ከደረቅ አኃዝ የበለጠ ያገለግላል።

ምን ይደረግ?

የዳንስ ቡድኖች፣ ትልቅም ይሁኑ በአንድ ኮሚናል ውስጥ የተጀመሩ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሊያደርጓቸው የሚችሉ ቀላል ነገሮች አሉ። አንድ ደብተር ይያዝ። የገንዘብ መዝገቡ እንዳለ ሆኖ፣ በዚህ ደብተር ላይ በዓይነት፣ በጉልበትና በጊዜ የተሰጠ ሁሉ ከቀኑ ጋር ይስፈር። የሰጪው ፈቃድ ይጠየቅ፤ ስሙ እንዲወጣ የሚፈልገው እንዴት እንደሆነ ራሱ ይናገር። ብሮሹር ሲታተም ከሎጎው በላይ የደብተሩ ስሞች ይቅደሙ፤ ከስሙ ጎን ያደረገው ነገር ይጻፍ። «ልብሳችንን የሰፉልን»፣ «ኮሚናሉን የከፈቱልን»፣ «ከበሯችንን የታገሡልን» የሚል መስመር ከማንኛውም ሰርተፊኬት የበለጠ ያስከብራል።

ሁለተኛ፣ ውለታው በዳንስ ይመለስ። አዲስ ሥራ ሲጠናቀቅ የመጀመሪያው ትርኢት ከተማ መሀል ከመቅረቡ በፊት ልምምዱ በተደረገበት ግቢ፣ በነጻ፣ ለነዋሪው ይታይ። የሕዝብ ለሕዝብ አርቲስቶች ባሕር ተሻግረው ያደረጉትን በደረጃው ወርዶ ለጎረቤት ማድረግ ነው። ሦስት ዓመት ከበሮውን በግድግዳ በኩል የሰማ ሰው ከበሮው ምን እንዳስጨፈረ የማየት መብት አለው።

ሦስተኛው ለአጥኚዎች ነው። የዳንስ ታሪካችንን የምታጠኑ የለጋሽ ሪፖርት ስታነቡ የግቢውን ጥበቃም ጠይቁ፤ ልብስ ሰፊውንና የኮሚቴውን ሊቀ መንበር አነጋግሩ። የውጭ ለጋሹ ድርሻ በዚህ አይቀንስም፤ ማን ላይ ተደግፎ እንደቆመ ይታወቃል። የውጭው ገንዘብ ውጤት ያመጣው አስቀድሞ ያደገ ልጅ፣ የተገኘ አዳራሽ፣ የታገሠ ሰፈር ስለጠበቀው ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ዳንሳችንን እስከ ዛሬ የተሸከመው ሃምሳው ነው፤ የጻፍነው ግን የአንዱን ስም ነበር። «ሕዝባችን አይደግፍም» የሚለው ድምዳሜ የሃምሳው ስምና የሰጠው ነገር በዝርዝር ተጽፎ እስኪቀርብ ድረስ ሊጸና አይገባም። የቀጣዩ ዝግጅት ብሮሹር ገና አልታተመም፤ የምስጋናው ገጽ ከሎጎ በፊት በሰፈር ሰዎች ስም ይጀመር።